ዶክተር ቻርልስ ሐጊንስና የወንድ ሆርሞን ምርምር

በአገራችን ገበሬ ዘንድ የታወቀ አንድ ነገር አለ። ወይፈን ሳይቀጠቀጥ የቀረ እንደ ሆነ ኮርማ ይሆናል፤ አንገቱ ይደነድናል፣ ከሌላው ጋር ይዋጋል፣ ለጥማድም ያስቸግራል። የተቀጠቀጠ እንደ ሆነ ግን ጠባዩ ይበርዳል፣ ለቀንበርም ይገራል። በግና ፍየልም እንደዚሁ ናቸው። ሙክት የሚባለው ተኮላሽቶ የሰባው ሲሆን፣ በበዓል ገበያ ዋጋው ከሌላው የሚበልጠው ስለ ስቡ ነው። እንግዲህ ከዘር ፍሬ የሚመነጭ አንድ ነገር የእንስሳውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን ሥጋውንና ስቡንም እንደሚገዛ ገበሬው ከሐኪሙ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያላወቀው፣ ነገሩ ምን እንደ ሆነና በምን እንደሚሰፈር ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ነገር ወደ መስፈሪያ ካመጡት ሰዎች የአንዱን ሐኪም የሥራ ታሪክ ለመመርመር የታሰበ ነው። ሐኪሙ ቻርልስ ብሬንተን ሐጊንስ ይባላሉ፤ በ1966 ከፔይተን ራውስ ጋር የኖቤልን የሕክምና ሽልማት የተካፈሉ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለ እርሳቸው በአጭሩ ሲነገር፣ “የፕሮስቴት ነቀርሳ በመኮላሸት እንደሚበርድ ያገኙ ሰው” ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የታሪኩን ፍሬ ነገር ይስታል። መኮላሸት የፕሮስቴትን እጢ እንደሚያኰማትር ሐጊንስ ከመወለዳቸው ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ተጽፎ ነበርና። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው፣ የታወቀውን ነገር ሐጊንስ ግኝት ያደረጉት በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው። ቀጥሎም፣ ከሥራቸው ጸንቶ የቆየው የትኛው ነው፣ እንደ ገና መመርመር ያስፈለገውስ የትኛው ነው የሚለው ይመጣል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ ነው። በቍጥር የተሰፈረው ጸና፤ ያልተሰፈረው ወይም በጥቂቱ ብቻ የተሰፈረው ግን ዕዳው ከስድሳ ዓመት በኋላ ተጠየቀ።

በመጀመሪያ ስለ እጢው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ ከሽንት ፊኛ ሥር የተቀመጠና የሽንትን ቧንቧ እንደ ቀለበት ከብቦ የያዘ እጢ ነው። በጕልማሳ ሰው ክብደቱ 20 ግራም ያህል ይሆናል። ሥራው ከዘር ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ሰው ሲያረጅ ይህ እጢ ብዙ ጊዜ ያድጋል፤ ዙሪያውን የያዘውንም ቧንቧ ስለሚያጠብበው ሽማግሌው ሽንት ያስቸግረዋል። ይህ እድገት በአብዛኛው ነቀርሳ አይደለም። ነቀርሳ በሆነ ጊዜ ግን ወደ አጥንት የመሄድ ልማድ አለው፤ በተለይ ወደ ዳሌና ወደ ጀርባ አጥንት። ሐጊንስ ሥራ በጀመሩበት ዘመን አብዛኛው ሕመምተኛ ወደ ሐኪም የሚመጣው ነቀርሳው አጥንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ሕመሙ መኝታ ከከለከለው በኋላ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪሙ ከማስታገሻ በቀር የሚሰጠው ነገር እምብዛም አልነበረውም።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሐንተር በ1786 ባሳተሙት መጽሐፍ የተኮላሹ እንስሳት ፕሮስቴት ትንሽና ልል ሆኖ እንደሚገኝ ገልጠዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የፊላደልፊያው ሐኪም ዊልያም ዋይት ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሰው አመጡት። እጢያቸው አድጎ ሽንት ያስቸገራቸው ሽማግሌዎች ሁለቱም የዘር ፍሬዎቻቸው ቢወጡ ይሻላቸዋል ብለው ተነሡ፤ በ1895 ባወጡት ጽሑፍም 111 እንዲህ የተደረገላቸውን ሰዎች ቈጠሩ። በብዙዎቹ እጢው አነሰ ተባለ። ሆኖም እጢውን ራሱን በቀዶ ሕክምና የማውጣቱ ዘዴ እየተሻሻለ ሲሄድ የዋይት ዘዴ ተተወ። ለምን ተተወ ቢባል፣ ከባድ ቅጣት የሚመስል ሕክምና መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን መመዘኛ አለመኖሩ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን እጢው አነሰ ወይም አላነሰም የሚባለው በሐኪሙ ጣትና በሕመምተኛው ቃል ነበር። አንዱ ሐኪም አነሰ ሲል ሌላው አላነሰም ቢል የሚያስታርቃቸው ነገር አልነበረም።

ሐጊንስ የተወለዱት መስከረም 22 ቀን 1901 በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው አገር በሐሊፋክስ ከተማ ነው። አባታቸው መድኀኒት ቀማሚ ነበሩ። ከአካዲያ ዩኒቨርሲቲ በ1920 ተመረቁ፤ በ1924 ደግሞ ከሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ዶክተር ሆነው ወጡ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሕክምናን ከተለማመዱ በኋላ በ1927 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የቺካጎ የሕክምና ፋኩልቲ በዚያን ጊዜ ገና መቋቋሙ ስለ ነበር ሐጊንስ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መምህራን አንዱ ሆኑ። እስከ ሥራቸው ፍጻሜ ድረስም ከቺካጎ አልወጡም ማለት ይቻላል። የቀዶ ሕክምናው ክፍል አለቃ ዶክተር ዳላስ ፌሚስተር የሽንት አካላትን ሕክምና እንዲይዙ አዘዟቸው። ሐጊንስ በዚህ ሙያ ልዩ ትምህርት የነበራቸው ሰው አልነበሩም። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የምርምር መስክ የተጀመረው እንግዲህ በአለቃ ትእዛዝ እንጂ በምርጫቸው አልነበረም።

የመጀመሪያው ምርምራቸው ስለ አጥንት ነበር። የሽንት ፊኛን የውስጥ ሽፋን ወስደው በእንስሳ ሰውነት ሌላ ስፍራ ቢተክሉት በዙሪያው አጥንት ይበቅላል፤ ይህንም በ1931 ጻፉ። በዚያው ጊዜ ወደ ለንደን ተሻግረው በሊስተር ኢንስቲትዩት ከሮበርት ሮቢሰን ዘንድ ሠሩ። ሮቢሰን አጥንት በሚሠራበት ስፍራ ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም በብዛት እንደሚገኝ ያሳዩ የኬሚስትሪ ሊቅ ናቸው። ስለ ፎስፋቴዝ ይህን ያህል መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ የሐጊንስ ሚዛን የሆነው ይኸው ዓይነት ኢንዛይም ነውና። ለአጥንት ብለው የተማሩት ኬሚስትሪ ለፕሮስቴት አገለገላቸው።

ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሐጊንስ ወደ ውሻ ዞሩ። ውሻ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወንድ ውሻ ትልቅ ፕሮስቴት አለው፤ ከዚህም በላይ ሲያረጅ እንደ ሰው እጢው ያድግበታል፤ ይህ ከሌሎች የቤት እንስሳት በብዙዎቹ አይታይም። ችግሩ የእጢው ፈሳሽ ከሽንት ጋር እየተቀላቀለ መውጣቱ ነው። ሐጊንስና ባልደረቦቻቸው እጢውን ከፊኛው የሚለይ ቀዶ ሕክምና ፈጠሩ፤ ሽንቱ በሌላ መንገድ ሲወጣ የእጢው ፈሳሽ ንጹሑን ለብቻው ይጠራቀማል። ውሻው ፒሎካርፒን የሚባለውን መድኀኒት ሲወጋ እጢው ያመነጫል፤ ፈሳሹም በመስፈሪያ ይለካል። አንዱ ውሻ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት በዚህ ዓይነት ሊጠና ይችላል። በ1939 በወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። የዘር ፍሬው ሲወጣ ፈሳሹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፤ የወንድ ሆርሞን በመርፌ ሲሰጥ ተመልሶ ይፈልቃል። የወንድ ሆርሞን፣ ማለት ቴስቶስተሮን፣ ንጹሕ ሆኖ የተገኘውና በኬሚስትሪ የተሠራው በ1935 ስለ ነበር፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህ ሙከራ ሊደረግ ባልቻለ ነበር። በ1940 የወጣው ሁለተኛው ጽሑፍ ደግሞ የሴት ሆርሞን ሲሰጥ ፈሳሹ እንደሚቆምና እጢው እንደሚኰማተር አሳየ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከውሾቹ አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ስለ ነበሩ እጢያቸው አብጦ ተገኘ። የጤነኛ እጢን ሥራ ለመስፈር ለተነሣ ሰው እንዲህ ያለው ውሻ ሥራ አበላሽ ነው። ሐጊንስ ራሳቸው በኋላ እንደ ተናገሩት በመጀመሪያ ተናደዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን እንዲህ ያሉትን ውሾች ፈልገው ማምጣት ጀመሩ። ያበጠው እጢም እንደ ጤነኛው ሁሉ የዘር ፍሬው ሲወጣ ይኰማተር ነበርና። ያን ጊዜ በነቀርሳ ምርምር ዘንድ ጸንቶ የነበረው እምነት፣ ነቀርሳ የሆነ ሕዋስ ከሰውነቱ ሕግ ያመለጠ ሽፍታ ነው፣ ማንም አያዝዘውም የሚል ነበር። ከውሻው የተገኘው ነገር ይህን እምነት ለመጠራጠር በቂ ምክንያት ሰጠ።

ከውሻ ወደ ሰው ለመሻገር ግን ሚዛን ያስፈልጋል፤ በሰው ላይ እንደ ውሻው ፈሳሽ መሰብሰብ አይቻልምና። ሚዛኑ ከሌሎች ዘንድ ተዘጋጅቶ ቆያቸው። በ1935 በጀርመን አገር ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኩቸርና ቮልበርግስ፣ የሰው ፕሮስቴት አሲድ ፎስፋቴዝ በሚባል ኢንዛይም የተሞላ መሆኑን ገለጡ። በኒው ዮርክ አሌክሳንደር ጉትማንና ባለቤታቸው ኤተል ጉትማን ቀጥለው፣ የፕሮስቴት ነቀርሳ ወደ አጥንት በሄደ ጊዜ ይኸው ኢንዛይም በደም ውስጥ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ በ1938 አሳዩ። ሐጊንስ የሁለቱን ወገን ሥራ ከራሳቸው የውሻ ሥራ ጋር አገናኙት። ነቀርሳው አጥንት ውስጥ ተደብቆ ቢሆንም እንኳ ከደም በተቀዳ ጥቂት ጠብታ ምን ያህል እየሠራ እንደ ሆነ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው።

በ1941 ሐጊንስና ወጣቱ ባልደረባቸው ክላረንስ ሆጅስ ያወጡት ጽሑፍ በነቀርሳ ምርምር ታሪክ ብዙ ጊዜ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። የዘር ፍሬያቸው የወጣላቸው ወይም ሰው ሠራሹን የሴት ሆርሞን፣ ስቲልቤስትሮልን የተወጉ ሕመምተኞች አሲድ ፎስፋቴዛቸው ወረደ። ከዚህ ጋር ሁለተኛውን ፎስፋቴዝ፣ ከአጥንት የሚመጣውን አልካላይን ፎስፋቴዝ ጎን ለጎን ይለኩ ነበር። እርሱ በመጀመሪያ ከፍ ብሎ ቆይቶ በኋላ ይወርዳል። ትርጓሜው ምንድን ነው? ነቀርሳው ሲያፈገፍግ አጥንቱ ራሱን ይጠግናል፤ ጥገናውም ሲያልቅ ኢንዛይሙ ይቀንሳል። የለንደኑ ትምህርት እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጽሑፍ ሐጊንስ፣ ስቲቨንስና ሆጅስ የዘር ፍሬያቸው የወጣላቸውን 21 ሕመምተኞች ታሪክ አቀረቡ። ለብዙዎቹ የአጥንቱ ሕመም በጥቂት ቀን ውስጥ በረደላቸው፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ፣ ክብደትም ጨመሩ። ለሁሉም አልሆነም፤ ሐጊንስም ይህን አልሸሸጉም።

ስቲልቤስትሮል በለንደን በቻርልስ ዶድስ ዘንድ የተሠራው በ1938 ነበር። በአፍ የሚዋጥ ርካሽ መድኀኒት ስለ ነበር ቢላዋ ለፈራ ሰው አማራጭ ሆነ። ነቀርሳን በሚዋጥ መድኀኒት ማብረድ በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነገር እንደ ነበር ልብ ማለት ይገባል።

ነገር ግን መብረድ መዳን አይደለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ በብዙዎቹ ነቀርሳው ተመልሶ ተነሣ። ሐጊንስ ምክንያቱን ሲፈልጉ ወደ አድሬናል እጢዎች ተመለከቱ። ከኵላሊት በላይ የተቀመጡት እነዚህ ሁለት እጢዎች እነርሱም ጥቂት የወንድ ሆርሞን ያመነጫሉ። የዘር ፍሬው ቢወጣም ነቀርሳውን የሚመግበው ከዚያ ይሆናል ብለው በ1945 ከዊልያም ስኮት ጋር የአድሬናል እጢዎቹን ከጥቂት ሕመምተኞች አወጡ። ሰው ያለ አድሬናል እጢ መኖር አይችልም፤ ምትክ የሚሆነው ኮርቲሶንም በዚያን ጊዜ በሐኪም እጅ አልነበረም። ሕመምተኞቹ ብዙ አልቆዩም። ኮርቲሶን በተገኘ ጊዜ ሐጊንስ ከበርገንስታል ጋር ሥራውን እንደ ገና ጀመሩ፤ በ1951ና በ1952 ባወጧቸው ጽሑፎች እጢዎቹ የወጡለት ሰው ኮርቲሶን እየተሰጠው ሊኖር እንደሚችል፣ የጡትና የፕሮስቴት ነቀርሳ ካለባቸውም አንዳንዶቹ እንደሚሻላቸው አሳዩ። የ1945ቱ ሙከራ ይደረግ ዘንድ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ለክርክር የሚበቃ ጥያቄ ነው። ሐሳቡ ትክክል እንደ ነበር በኋላ ታይቷል። ይሁን እንጂ ምትኩ በእጅ ሳይኖር ለሕይወት የግድ የሆነውን እጢ ማውጣት፣ ሕመምተኛው ሌላ ተስፋ የሌለው ቢሆንም እንኳ፣ ለዚህ ጸሐፊ ከባድ ሆኖ ይታየዋል።

በ1951 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በአላባማው ነጋዴ በቤን ሜይ ስም የተጠራ የነቀርሳ ምርምር ላቦራቶሪ ተቋቋመ፤ ሐጊንስም እስከ 1969 መሩት። በዚሁ ላቦራቶሪ የሠሩት ኤልውድ ጄንሰን የሴት ሆርሞን ወደ ሕዋስ ገብቶ የሚያዝበትን ተቀባይ አገኙ፤ ሐጊንስ ከአመራሩ ሲወርዱም ተተኪያቸው ሆኑ። በ1963 የላስከር ሽልማት፣ በ1966 ደግሞ ኖቤል ለሐጊንስ ተሰጠ። ከእርሳቸው ጋር የተሸለሙት ፔይተን ራውስ በዶሮ ላይ ነቀርሳ የሚያመጣውን ቫይረስ የገለጡት በ1911 ነበር፤ ሽልማቱ ሲደርሳቸው 87 ዓመታቸው ነው። ሐጊንስ ግን የጠበቁት 25 ዓመት ብቻ ነበር።

እስከ አሁን የተተረከው በቍጥር የጸናው ክፍል ነው። የሆርሞን ምንጭ ሲቆረጥ የፕሮስቴት ነቀርሳ ያፈገፍጋል የሚለው ቃል ከ1941 ወዲህ በየአገሩ ተፈትኖ አልወደቀም። ከዚሁ ጽሑፍ የወጣ ሌላ ቃል ግን እንዲህ አልሆነም። ሐጊንስና ሆጅስ የወንድ ሆርሞን በመርፌ ሲሰጥ አሲድ ፎስፋቴዝ ከፍ እንደሚል ጽፈው፣ ከዚህም ሆርሞኑ ነቀርሳውን እንደሚያፋፍም ደመደሙ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ያህል በየሕክምና ትምህርት ቤቱ፣ ቴስቶስተሮን ለፕሮስቴት እንደ እሳትና ጭድ ነው ተብሎ ተሰበከ። ሆርሞናቸው ያነሰ፣ በድካምና በኀዘን የሚማቅቁ ብዙ ወንዶችም በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሕክምና ተነፈጋቸው። የቦስተኑ ሐኪም አብርሃም ሞርጌንታለር በ2006 የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከመዝገብ አውጥተው እንደ ገና ሲያነቡት፣ መርፌው የተሰጠው ለሦስት ሰዎች፣ ውጤቱ የተጻፈው የሁለቱ፣ ከሁለቱም አንዱ ቀድሞ የተኮላሸ ሆኖ አገኙት። ባልተኮላሸ ሰው ላይ ማስረጃ ተብሎ የቆመው እንግዲህ አንድ ሕመምተኛ ነበር።

ይህን ስንል ሐጊንስን ለመንቀፍ አይደለም። እርሳቸው ቍጥራቸውን ደብቀው አላስቀሩም፤ ማንም ሊያነበው በሚችል ገጽ ላይ አትመውታል። ጕድለቱ ገጹን ሳያነቡ መደምደሚያውን ብቻ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲያስተላልፉ የኖሩት ሰዎች ነው፤ እኛም ተማሪዎች በየዕለቱ የምናደርገው ነገር ስለ ሆነ ጕዳዩ ሩቅ አይደለም። ሞርጌንታለር ከጻፉ በኋላ ብዙ ጥናት ተደርጓል። በ2023 የታተመው ትልቁ፣ ቴስቶስተሮናቸው ያነሰና ለልብ በሽታ የተጋለጡ ከ5,000 የሚበልጡ ወንዶችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ቴስቶስተሮን፣ ለግማሾቹ ማስመሰያ ቅባት የሰጠ ነው። የፕሮስቴት ነቀርሳ በሁለቱም ወገን ጥቂትና እኩል ለእኩል ሊባል የሚችል ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ነቀርሳ ይኖርባቸዋል ተብለው የተጠረጠሩትን አስቀድሞ ያስወጣ ስለ ሆነ ለሁሉ ሰው የሚሆን ፈቃድ አይደለም፤ የልብ ምት መዛባትና የአጥንት ስብራትም ቴስቶስተሮን በወሰዱት ላይ በርከት ብሎ ታይቷል።

ጨርሶ ሳይሰፈር የቀረው ሌላው ነገር የተቀረው ሰውነት ነው። ሐጊንስ ዓይናቸውን በፕሮስቴት ላይ ተክለው ነበር። የተኮላሹ ሕመምተኞቻቸው ፊታቸውን ትኩሳት እንደሚመታቸው ጽፈዋል፤ ስለ ስባቸው፣ ስለ ጡንቻቸው፣ ስለ ደማቸው ስኳር ግን አልመረመሩም። የ1941 ሕመምተኛ በሞት አፋፍ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ሕመሙ ቆሞለት ክብደት ሲጨምር ሐኪሙ ደስ ይለዋል እንጂ የጨመረው ሥጋ ነው ወይስ ስብ ብሎ አይጠይቅም። ሙክት የሚያደልብ ገበሬ ቢጠየቅ ግን መልሱን ያውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከስቲልቤስትሮል ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ1960 የተጀመረው ሰፊ ጥናት በ1967 ባወጣው ውጤት፣ በየቀኑ 5 ሚሊግራም ስቲልቤስትሮል የወሰዱት ሰዎች በነቀርሳው ከመሞት ቢተርፉም በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት በዝተው ተገኙ። ይህም ሌላ መንገድ እንዲፈለግ አደረገ። የወንድ ሆርሞን የሚታዘዘው ከአንጎል በሚወርድ ትእዛዝ ነው፤ የዚያን ትእዛዝ ሆርሞን ኬሚስትሪ አንድሩ ሻሊና ሮጀር ጊየማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገልጠው በ1977 ኖቤል አገኙ። እርሱን መስሎ የተሠራው መድኀኒት ሲሰጥ መጀመሪያ የዘር ፍሬውን ይቀሰቅሳል፣ ሳያቋርጥ ሲሰጥ ግን ያስተኛዋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ መርፌው ወጣ፤ ያለ ቢላዋ የሚኮላሽ መድኀኒት ማለት ነው። በዚያው ጊዜ አካባቢ ፒ ኤስ ኤ የሚባለው አዲስ የደም ምርመራ አሲድ ፎስፋቴዝን ተካ። ነቀርሳው ገና በጥቂቱ ሳለ መታወቅ ስለ ጀመረም መርፌው ሕመም ለማይሰማቸው፣ ብዙ ዓመት ለሚኖሩ ወንዶች መሰጠት ጀመረ። የሰውነት ጕዳይ ከባድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በስድስት ወር ለሚሞት ሰው የአጥንት መሳሳት ምንም አይደለም፤ አሥር ዓመት ለሚኖር ግን ብዙ ነው።

እንግዲህ መስፈሩ በመጨረሻ ተጀመረ። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት መርፌውን ለ48 ሳምንት የወሰዱ ወንዶች የሰውነታቸው ስብ 9.4 ከመቶ ሲጨምር፣ ስብ ያልሆነው ሥጋቸው 2.7 ከመቶ መቀነሱን አገኘ። በ2005 በወጣው ደግሞ፣ ነቀርሳው ከተገኘባቸው በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት ከቆዩት መካከል የሆርሞን ሕክምና ያገኙት 19.4 ከመቶ፣ ያላገኙት 12.6 ከመቶ የአጥንት ስብራት ደርሶባቸዋል። ናንሲ ኪቲንግና ባልደረቦቻቸው በ2006 የ73,196 አረጋውያንን መዝገብ መርምረው፣ መርፌውን የወሰዱት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 44 ከመቶ ያህል እንደሚጨምር ጻፉ። የአሜሪካ መንግሥት የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2010 ማስጠንቀቂያው በመድኀኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። የምክንያቱ አካሄድ አስቸጋሪ አይደለም። ቴስቶስተሮን ሲጠፋ ጡንቻ ይቀንሳል፤ ከደም ስኳር የሚበዛውን የሚወስደው ጡንቻ ነውና እርሱ ሲቀንስ ስቡም ሲበዛ ኢንሱሊን ኀይሉ ይደክማል። አጥንትም እንዲሁ ነው፤ በወንድ ሰውነት ውስጥ ከቴስቶስተሮን ጥቂቱ ወደ ሴት ሆርሞን ተለውጦ አጥንትን ይጠብቃል፤ ምንጩ ሲደርቅ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ዛሬ ጠንቃቃ ሐኪም ይህን ሕክምና ከማዘዙ በፊት የደም ስኳርን፣ የደም ግፊትንና የአጥንትን ጥንካሬ ይለካል፤ ሕመምተኛውም ክብደት እያነሣ ሰውነቱን እንዲያሠራ ይመክራል። ሕክምናው መሰጠት ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄም የእጢው ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሰውየው ሆኗል። አጥንቱ በነቀርሳ ለሚሠቃይ ሰው መልሱ እንደ 1941ዱ ነው። ሕመም ለሌለውና ነቀርሳው ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሽማግሌ ግን ሐኪሙ ዋጋውን አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል፤ ለሕክምናው ምን እንደሚከፍል ሳይነገረው ስምምነቱን የሰጠ ሰው ተስማማ ሊባል አይችልምና።

ሐጊንስ በጥር 12 ቀን 1997 በ95 ዓመታቸው በቺካጎ ዐረፉ። ከሥራቸው እንደ ወደቀ ይቈጠር የነበረው የ1945ቱ የአድሬናል ሐሳብ የተነሣው ከሞቱ በኋላ ነው። ከተኮላሹ በኋላ ነቀርሳቸው የተመለሰባቸው ሰዎች፣ ከአድሬናል እጢና ከነቀርሳው ከራሱ የሚመነጭ ጥቂት የወንድ ሆርሞን እንደሚቀራቸው ታወቀ። በለንደን የተሠራው አቢራቴሮን የተባለ ጽላት ይህን ምንጭ ያለ ቢላዋ ይዘጋል። በ2011 በታተመው ጥናት ጽላቱን የወሰዱት ሕመምተኞች በመካከለኛ ቍጥር 14.8 ወር፣ ማስመሰያውን የወሰዱት 10.9 ወር ቆዩ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ተፈቀደ። ጽላቱ ለብቻው አይሰጥም። አድሬናሉን ስለሚነካ የኮርቲሶን ዘመድ የሆነው ፕሬድኒሶን አብሮት ይታዘዛል፤ በ1945 በሐጊንስ ሕመምተኞች እጅ ያልነበረው ምትክ ማለት ነው።